የምታንጠባጥበዋ ቀይ መኪናችን

አባቴ መኪናዋን ያገኛት አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ ሐኪም ነው። አባቴ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ሐኪሙ ሻንጣውን ሲያስር ጠርቶት "ይህችን መኪና ካንተ በቀር የሚወዳት የለም" ብሎ ቁልፏን ሰጠው። አባቴ እስካሁን ይህን እንደ ትልቅ ሙገሳ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሰውየው ሌላ የሚረከበው አጥቶ ነው ባይ ነኝ።

መኪናዋ ቀይ ናት። የእሽቅድምድም ዓይነት፣ ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከማጠሯ የተነሳ ዶሮ ሳትንደረደር የምትወጣባት። ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል። እናቴ ስትሳፈርባት መጀመሪያ ቁጭ ትላለች፣ ቀጥላ እግሯን ትሰበስባለች፣ ከዚያ "በስመ አብ" ትላለች። ስትወርድ ደግሞ አንድ ሰው ከፊት ይጎትታታል፣ አንድ ሰው ከኋላ ይገፋታል።

ዘይቷን ታንጠባጥባለች። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ፒያሳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ የቆመችበት ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ ትተዋለች። አባቴ የት እንደዋለ ማወቅ የፈለገ ሰው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው የት እንደሚውል ምልክት እየተወ መሄዱ ብዙም አይመከርም ነበር።

የእናቴን ትዕግሥት የጨረሰው ግን ጌሾው ነው። ግቢያችን ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ዘይቱ እየታጠበ ወርዶ ለጠላዋ ያሳደገችው የጌሾ ተክል ሥር ይተኛል። አንድ ቀን ብታየው ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ግንዱ ቆሟል።

"አንተ ሰው" አለችው አባቴን፣ "ወይ መኪናህን አስታም፣ ወይ ቅበር!"

ያን ሰሞን ድብ ባሕር ከሚባል ቆላ አገር የመጡ አንድ ሰው ጎረቤታችን ካሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ እያረፉ ጎንደር ይመላለሱ ነበር። ወፍጮ ቤት አላቸው፤ የወፍጯቸው ሞተር ሞቶባቸው ሌላ ፍለጋ ነው የሚንከራተቱት። አባቴ ማታ ከሥራ በመኪናዋ ሲገባ ሰምተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ይቺ ማኪና ድምጿ ሸጋ ነው። ምነው ወፍጮ ብታደርጓት?"

አባቴ የተሰደበ ያህል ደነገጠ። እናቴ ግን ወዲያው "አያ፣ እስቲ ይግቡ፣ ጠላ ይቅመሱ" አለች።

ጠላው ሳያልቅ ውል ታሰረ። የሚመጣው እሑድ እናቴ መኪናዋ ሥር ነጭ አቡጀዲ አንጥፋ ቅዳሴ ትሄዳለች። እሷ በሌለችበት ሞተሩ ተነሥቶ፣ አዘዞ ደርሶ እንደመጣ መኪና እስኪግል ድረስ ይሠራል። ስትመለስ አቡጀዲው ላይ አንዲት ጠብታ ካየች ሞተሩ ተነቅሎ ድብ ባሕር ይወርዳል። ካላየች መኪናዋ እንዳለች ትቀመጣለች፣ ሁለተኛም ስሟ በክፉ አይነሣም።

ነገሩ ከአባቴ ይልቅ ያሳሰበው እኔን ነው። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ስላልመጣልኝ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ቁጭ ማለት ደግሞ አይሆንልኝም። እናቴ "ስፌት ተማሪ" ብትለኝ ሄጄ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። መንጃ ፈቃዴን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ እንጂ የምነዳው አልነበረኝም። አባቴን ስለምነው ሁልጊዜ "ታማለች፣ ሲሻላት" ይለኛል። በመጨረሻ ግን ማንጠባጠቧን ካቆመች እንፍራንዝ አክስቴ ድረስ ብቻዬን እንድነዳት ቃል ገባልኝ። እንግዲህ እሷ ወፍጮ ከሆነች እኔም ስፌት ቤት መግባቴ ነው።

አባቴ የዓመት ፈቃዱን ወሰደ። የመጀመሪያውን ቀን ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ከመኪናዋ ፊት ቆመና እንደ በሽተኛ ጠየቃት፤ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እኔ ካወቅኋት ጀምሮ።"

"የሚብስባት ጠዋት ነው ማታ?"

"አባዬ፣ በእናትህ ኮፈኑን ክፈተው!"

አልከፈተውም። ጠብታውን በብልቃጥ ተቀብሎ ሆስፒታል ወሰደው፣ በማይክሮስኮፕ አየው። ከሰዓት በኋላ ፊቱን አኮሳትሮ ተመለሰ።

"ምን አገኘህ?" አልኩት።

"ዘይት ነው።"

በማግስቱ ፒያሳ ወዳለ መካኒክ ሄድን። ሰውየው ተንበርክኮ አየ፤ ቆሞ አየ፤ ከዚያ እጁን ጠረገና "ጓርኒሲዮኑ ሁሉ ሄዷል" አለ። ጓርኒሲዮን ማለት በብረትና በብረት መሀል ገብቶ ዘይት እንዳያልፍ የሚያደርገው ስስ ነገር ነው። "ከአሥመራ ይምጣላችሁ" ብሎን ወደ ሥራው ዞረ። የአሥመራ መንገድ በዚያን ጊዜ እንዴት እንደነበረ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ቀሪ ተስፋችን ከመኪናዋ ጋር የመጣው መመሪያ ነበር። እንግሊዝኛውን እኔና አባቴ ተጋግዘን አነበብነው። ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ አንድ አይደለም ይላል። ከላይ አፍስሶ፣ ብረቱን ተከትሎ ወርዶ፣ ነፋስ ገፍቶት፣ በማይመለከተው ቦታ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሞተሩን በላምባ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፓውደር ነስንሶበት ማስነሣት ነው። ፓውደሩ መጀመሪያ የሚረጥበው የት ነው? ሌባው እዚያ አለ።

አጠብነው፣ አደረቅነው። ፓውደር ግን ከየት ይምጣ? የስንዴ ዱቄት በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው። አባቴ ቆሞ ሲያስብ እኔ ጓዳ ገብቼ ካገኘሁት ዕቃ አንድ ጣሳ ሙሉ ዱቄት ቀዳሁ። አላስፈቀድኩም፤ ብጠይቅ እምቢ ትለኝ ነበርና። ሽሮ ነው፤ እናቴ አተሩን ቆልታ፣ ቅመሙን መጥና፣ ለሁዳዴ ያስፈጨችው። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ሽሮ አለበስኩትና አስነሣነው።

ሁዳዴ መሆኑን አልነገርኳችሁም እንዴ? ሁዳዴ ነው፤ ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ሞተሩ ሲግል ሽሮው ጠበስ ጠበስ ማለት ጀመረ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ በርበሬው አጥር ዘሎ ሰፈሩን አዳረሰው። አባቴ በጾሙ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ምራቁን ይውጣል።

የጎረቤታችን ሴት ድምፅ ከአጥር ማዶ መጣ፤ "ምነው እናንተ! ገና አምስት ሰዓት ሳይሆን ወጥ ትሠራላችሁ? ባትጾሙ እንኳ የሚጾመውን ሰው እዘኑለት እንጂ!"

"ወጥ አይደለም እትዬ" አልኳት፣ "መኪናዋ ናት!"

"መኪናዋ ናት ትለኛለች! አሁንስ ጾም መግደፋችሁን በማኪና ማሳበብ ጀመራችሁ!"

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ሽታውን ከመንገድ ነው የለየችው። በራሷ ሽሮ አትሳሳትም። ዘንቢሏን እንደያዘች ኮፈኑ ሥር አንገቷን አስገብታ አየች።

"የኔን ሽሮ? ለብረት?"

"ሳይንስ ነው" አለ አባቴ።

"ሳይንስህ በራስህ ሽሮ ይሁን!"

ሽሮው ግን አላሳፈረንም። በሞተሩ ላይኛ ክዳን ጠርዝ ዙሪያውን ርሶ፣ ጠቁሮ፣ ፈጽሞ ወጥ ሆኗል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን ማለቁን አወቅን። ምትክ የለም። አባቴ ጥቂት ካሰበ በኋላ ገብቶ የሥራ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ጥሩ ቆዳ ነበር። ክዳኑን ቦርሳው ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ዙሪያውን ሣለ፣ በላቦራቶሪ መቀስ ቆረጠ፣ ዘይት አጠጥቶ ገጠመው። ከዚያ ወዲያ ምሳውን ሥራ ቦታ የሚወስደው በፌስታል ነው። ክዳኑ ግን ደረቀ! ተቃቀፍን።

ደስታችን እስከ ማግስቱ ቆየ። ጠዋት ከታች ከኮፓው፣ ዘይቱ ከሚጠራቀምበት ገንዳ ማለት ነው፣ ከመድፈኛው ቡሎን ሥር ታንጠባጥባለች። ያኔ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን የገዛችውን ጧፍ አየሁት። ጥጥ ነው፣ ሰም አለው፤ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ቡሎኑን ፈትተን ጥርሱ ላይ ጧፉን ጠምጥመን አጠበቅነው። በርግጥ አቆመ። ሞተሩ ሲግል ግን ሰሙ መቅለጥ ጀመረና ግቢው ቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ ሸተተ። በበራችን የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አማትበው ሄዱ። ያቺው የጎረቤት ሴት በአጥር ላይ ብቅ ብላ "ትናንት ጾም አስገድፋችሁ ዛሬ ታስቀድሳላችሁ?" አለችን።

እሱን እንዳቆምን በፊት በኩል ጀመራት። በፊት በኩል ስንደፍን በጎን። አንዱን ቀዳዳ ስንዘጋ የሆነ ነገር ከውስጥ እየገፋ ሌላ የሚከፍት ይመስላል። ቅዳሜ ማታ አባቴ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ፊቱ በዘይት እንደተለወሰ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"ቀንታብኛለች" አለኝ።

"ማን?"

"እናትሽ። በመኪናዋ ቀንታ ነው። ወፍጮ ልታደርጋት የተነሣችው ለምን ይመስልሻል?"

"አባዬ፣ ሂድና ታጠብ።"

እሑድ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ አቡጀዲውን መኪናዋ ሥር ዘረጋች፤ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ አስያዘች። አባቴ "ለመግነዝ ነው እንዴ?" ቢላት "ስትሞት እናያለን" ብላው ወደ ቅዳሴ ሄደች። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬም አልዘገዩም። ገመድና ሞተር የሚሸከሙበት ወፍራም አጣና ይዘው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ለሽምግልና እንደተጠራ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሞተሩን አስነሣሁት። እሑድ የግል መኪና መንገድ ላይ መውጣት ስለማይፈቀድ እዚያው ግቢ ቆሞ ነው የሚሠራው። እኔ መሪው ላይ ነኝ፣ አባቴ በሆዱ ተኝቶ ከሥር ያያል። ጥቂት ቆየ። ከዚያ አባቴ ተነሣና እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

"በየት በኩል?" አልኩ።

"በኋላ።"

በኋላ በኩል አፍስሳ አታውቅም ነበር። ለዚህ ቀን ያስቀመጠችው ይመስላል።

ሰውየው ተነሥተው አባቴን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አይዞህ ወንድሜ። ወፍጮ መሆን እኮ ነውር አይደለም። ማኪና ሆና የምትጠቅመው ሁለት ሰው ነው፤ ወፍጮ ስትሆን ሰፊውን ሕዝብ ነው። ድብ ባሕር ሁሉ ይመርቅሃል።"

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በእግሬ መለስኩላቸው፤ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ሞተሩ አገሣ፣ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ከተከፈተው ኮፈን ውስጥ "ጧ!" የሚል ነገር ፈነዳ፤ አንድ ጥቁር ነገር በአየር ላይ ተወንጭፎ የጓዳውን ቆርቆሮ "ቋ!" አድርጎ መታው።

በዚያ ዘመን የጎንደር ሰው "ጧ" ሲሰማ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነገረውም። አባቴ መሬት ላይ ተዘረጋ። የጎረቤታችን በር ተጠረቀመ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ግን ለዕድሜያቸው በማይመጥን ፍጥነት ተንከባለው መኪናዋ ሥር ገቡና አቡጀዲው ላይ ተኙ።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ አሮጌ ጠመንጃውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

"ማን ነው የተኮሰ?"

"ሞተሩ" አለ አባቴ ከመሬት።

"ፈቃድ አለው?"

እኔ ሞተሩን አጥፍቼ ወርጄ የተወነጨፈውን ነገር ከቆርቆሮው ሥር ፈልጌ አመጣሁ። ከዘይቱና ከዕድሜው ብዛት ከሰል መስሏል። በጥፍሬ ስቧጭረው ሥሩ ነጣ ያለ፣ ዙሪያውን ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ነው። ጠባቂው ወስዶ አገላብጦ አየው።

"ይሄ እኮ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው።"

"ነው" አልኩት።

"ቆረቆንዳ ነው የተተኮሰው?"

"ነው።"

"ይህን ሪፖርት ላድርግ ብል ማን ያምነኛል?" አለና ቆረቆንዳውን መልሶልኝ ሄደ።

አባቴ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። "እሱንማ አውቀዋለሁ። ከሞተሩ ጎን ካለው ቧንቧ ጫፍ ላይ የሚሰካው ነው። ሁልጊዜ እወለውለዋለሁ እኮ! የፋብሪካ ዕቃ ነው።"

"የምን ፋብሪካ? በቆሎ ነው!"

በዚህ መሀል እናቴ ከቅዳሴ ደረሰች። ቆረቆንዳውን በእጄ አየችው። "እሱን ማን ነቀለው?" አለች። ለካ መኪናዋ ግቢያችን በገባች ሰሞን፣ እናቴ ኮፈኑ ተከፍቶ ብታይ አንድ ቧንቧ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እኛ ቤት ደግሞ አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ ዕቃ የለም። እንስራው ክዳን አለው፣ ጠርሙሱ ውታፍ አለው፣ ሬዲዮኑ እንኳ ዳንቴል ለብሶ ነው የሚያድረው። ክፍት ያደረ ዕቃ ውስጥ ምን እንደሚገባ አይታወቅም። ቧንቧው ጭስ ተፍቶ ነጠላዋን ቢያጠቁርባት እንደ ማንኛውም ጠርሙስ ቆረቆንዳ ቆርጣ ወተፈችው፤ ለሁለተኛ ጊዜም አላሰበችው።

ሮጬ መመሪያውን አመጣሁና ሥዕሉን ፈለግሁ። የሞተሩ መተንፈሻ ነው! በመተንፈሻው መውጣት ያለበት አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በየስፌቱ እየገፋ ሲያስወጣ ኖሯል።

"ሆዷ ተነፍቶ ነው!" አለ አባቴ። "እኔ ደም መፍሰስ ስል ነፋት ኖሯል! ያን ምስኪን ሐኪምም ስንት ዓመት በከንቱ አማችሁት።"

"ታዲያ አፉን ከፍቶ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው አይታማ?" አለች እናቴ። አንድ ፀጉሯ አልተነቃነቀም። "ለማንኛውም እኔ የማየው ጨርቁን ነው። የወረደችው ጠብታ የታለች?"

አቡጀዲውን ስናወጣው ሰውየው እንደ መንገድ ዳምጠው ተንከባለውበታል። ጠብታዋ ግማሿ ጋቢያቸው ላይ ናት፣ ግማሿ ጨርቁ ላይ ተዳምጣለች፤ ከገመዳቸው የመጣ ጥላሸትም አለ። የመኪናዋን ከሰውየው መለየት አልተቻለም።

"ይግባኝ!" አለ አባቴ።

እናቴ ትንሽ አሰበች። አቡጀዲውን ገልብጣ በንጹሑ በኩል አነጠፈችው። "እንደገና" አለች።

አራታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን መኪናዋ ሥር አፈጠጥን። እኔ አስነሥቼ ወርጃለሁ። መተንፈሻው እንደ አዛውንት ፒፓ ቀጭን ጭስ ይለቃል። ጸሐይዋ ወደ ላይ ወጣች። አባቴ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሰውየውም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱም ለአንድ አምላክ የሚጸልዩት ግን የተለያየ ነው።

"እስቲ አንዴ ጮክ አድርጊያት" አሉኝ ሰውየው።

አስጮህኳት። ምንም።

"ደግመሽ።"

ደገምኩ። አቡጀዲው እንደተነጠፈ ነጭ ነው።

ይሄኔ ሰውየው ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው አበራ። "ይቺማ ሸጋ ሞተር ናት! እንዲህ ከሆነችማ አሁን ነው የምወስዳት። እህቴ፣ እስቲ ገመዱን አቀብይኝ።"

"የምን ገመድ?" አለች እናቴ። "ውላችን ብታንጠባጥብ ነው።"

"የሚያንጠባጥብ ሞተር ምን ያደርግልኛል?"

"እኮ ጠዋት የሚያንጠባጥበውን ሊወስዱ አልነበር የመጡት?"

"እሱማ ለእናንተ አዝኜ ነው።"

"እግዜር ይስጥልን አያ" አለች እናቴ፣ "እንግዲህ አይዘኑ፤ ድናለች። ብታንጠባጥብ የእርስዎ፣ ባታንጠባጥብ የእሱ ብያለሁ። ሁለት ምላስ የለኝም።"

ሰውየው ጠላቸውን ጠጥተው ገመዳቸውን ጠቀለሉ። በር ላይ ዞር ብለው በአጣናቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ወፍጮ አድርጌያት ቢሆን ተከብራ ትኖር ነበር። ይቺ ልጅ ትገድላታለች።"

ማክሰኞ ጠዋት፣ አባቴ ፈቃዱ አልቆ ሥራ ሲገባ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እጁ ቶሎ አልለቀቀውም እንጂ አስቀመጠልኝ። "ብቻሽን" ያለኝን ግን እናቴ አላጸደቀችም። ነጠላዋን ለብሳ ቀድማኝ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ "እህቴን ካየኋት ቆየሁ" አለች። ወርዳ እንድትቀር ለማድረግ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኔ አንድ ነኝ።

ጣሪያውን አጥፌ ወጣሁ። አዘዞ እስክንደርስ ድረስ "ቀስ! ቀስ በይ አንቺ! ማርያምን ቀስ!" እያለች በሩን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች። ከአዘዞ ወዲያ በሩን ለቀቀችው። ነጠላዋ ከኋላዋ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። አንድ አውቶቡስ ከፊታችን ገብቶ አቧራውን ሲያለብሰን እኔ ለመጀመሪያ ቀኔ ጥንቃቄ ይሻላል ብዬ ርቀቴን ጠብቄ ተከተልኩት።

እናቴ ትንሽ ታገሠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ምነው፣ አታልፊውም እንዴ?"

አለፍኩት።